ምላስዎን ያንሱ

«ክቡራን ታካሚዎቻችን፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ! ዛሬ በተቋማችን ታሪክ ልዩ ስፍራ ይዞ የሚኖር ዕለት ነው። ከረጅም ጥናትና ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ፣ ሁለተኛው ፎቅ አንድ የእጅ ባትሪ ገዝቷል።»

ተናጋሪው ዳይሬክተራችን ናቸው። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ቦታው የሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር፣ አድማጩ ነጠላ ጫማ ያደረጉ አሥራ አራት ታካሚዎችና ሥራችንን ጥለን የተጠራን ሠራተኞች። ዳይሬክተሩ ባትሪውን እንደ ዋንጫ በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት። አጨበጨብን። አበሩት። ጣሪያው ላይ ክብ ብርሃን ወጣ፤ በክቡ መሃል ከላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት የሚወርደው ቢጫ እርጥበት ቁልጭ ብሎ ታየ። ለእሱም አጨበጨብን።

«ድንጋይ አለው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«አለው እንጂ!»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«ሲያልቅስ ማን ይገዛል?»

«አንተ ሰውዬ ቁጭ በል!» አለችው ዋና ነርሷ። የሚቀመጥበት ነገር ስላልነበረ ቆሞ ዝም አለ።

ባትሪው የተገዛው ለእኔ ነው። የሱስና የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ቤት ረዳት ነርስ ነኝ። ሐኪሙ ያዛል፣ ዋና ነርሷ ክኒኑን ቆጥራ ታወጣለች፣ እኔ አስውጣለሁ። ታካሚዎቹ «ሲስተር» ይሉኛል። ዋና ነርሷ በሰማች ቁጥር ታርማቸዋለች፤ «ሲስተር እኔ ነኝ፤ እሷ ረዳት ናት።» ለአሥራ አንድ ዓመት አርማቸዋለች። ለአሥራ አንድ ዓመትም ሲስተር ተብያለሁ።

ማስዋጥ ማለት ክኒን ሰጥቶ መሄድ አይደለም። ሱሰኛ ክኒን ይደብቃል። የአእምሮ ሕመምተኛም ይደብቃል፤ ጤነኛ ቢሆንም ይደብቅ ነበር። ስለዚህ ውሃውን ከጠጣ በኋላ አፉን ያስከፍቱታል፤ ምላሱን ያነሳል፣ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ወደ ግራ ያዞራል። ከዚያ ቅጹ ላይ «ምላስ ታይቷል» በሚለው ረድፍ ራይት ይደረጋል። ይኸው ነው ሙያዬ።

አፍ የሰው ጓዳ ነው። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይዘልቅም። እኔ በየጠዋቱ አሥራ አራት ጓዳ እዘልቃለሁ፤ ያውም ከቁርስ በኋላ፣ ሳይጠረግ፣ ሳይታጠብ። በጥርስ መሃል የተሰነቀረ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ምላስ ላይ የተጋገረ ቢጫ ሽፋን፣ ከድድ ሥር ብቅ የሚል መግል፣ ከንፈር ከከንፈር ሲላቀቅ እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ምራቅ። የሰው ልጅ ውብ ፍጥረት ነው የሚሉ ሰዎች አፉን ዘግቶ ያዩት ናቸው።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከሥራ ስመለስ ከሰላምታ በፊት «እጅሽን» ትለኛለች።

«ታጥቤያለሁ።»

«ድገሚ።»

«በእጄ የነካሁት ነገር የለም እኮ። ሳይ ነው የዋልኩት።»

«እንግዲያው ዓይንሽንም ታጠቢ።»

አንድ ቀን ምሳ ላይ እያወራችኝ ሳላስበው «ምላስሽ ነጭ ሆኗል» ብያት ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

በዋርዳችን አንድ ለየት ያለ ክኒን የሚወስዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ክኒኑ መጠጥ ለሚተዉ ሰዎች የሚሰጥ ነው። ውጠውት ካልጠጡ ምንም አያደርግም። ውጠውት ከጠጡ ግን ፊት እንደ ቲማቲም ይቀላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሆድ የያዘውን ሁሉ መልሶ ያስረክባል። ሐኪሙ «ሆድ ውስጥ የተቀጠረ ዘበኛ» ይለዋል። ለጠርሙስ ብቻ ሳይሆን ለማንኪያም፣ ለሳል ሽሮፕም፣ ፀጉር አስተካካይ አንገት ላይ ለሚያርከፈክፈው አልኮልም የሚነሳ ዘበኛ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ጠበቃው ነው፤ ያ ስለ ባትሪ ድንጋይ የጠየቀው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ጥብቅና የቆመው ለራሱ ብቻ ነው። የተለጠፈ ነገር ሁሉ ያነባል፣ ያላነበበውን ይጠይቃል፣ የተመለሰለትን ይከራከራል። ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ሳልጠይቀው አፉን እስከ ጉሮሮው በልቅጦ ፊቴ ላይ ይደቅነዋል። «እዪ! በደንብ እዪ! ነገ አልዋጠም እንዳትዪ!» ጉሮሮው ላይ ተንጠልጥላ የምትወዛወዘው እንጥሉ ሕልሜ ውስጥ ገብታ ታውቃለች።

ሁለተኛው ሹፌሩ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት ጠጥቶ አውቶቡሱን ከአጥር ግንብ ጋር አሳሳመው። ልጆቹ ውስጥ ነበሩ። የአንዲት ልጅ ሁለት ጥርስ ከመውለቁ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰም። «ሌላ ጉዳት አልደረሰም» ያለው ሪፖርቱ ነው፤ የልጅቷ እናት ያለችው ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ከሥራ ሊያባርረው ሲል ሚስቱ ገብታ ለመነች፤ እሷ እዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ናት። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ ዘጠና ቀን ክኒኑን በነርስ ፊት ከዋጠ፣ ነርሷም በየቀኑ ምላሱን አይታ ከፈረመች፣ መሪው ይመለስለታል።

ነርሷ እንግዲህ እኔ ነኝ።

ሹፌሩ የዋርዱ ምርጥ ታካሚ ነበር። ሸሚዙን አጥቦ ይለብሳል፣ ወንበር ያቀርባል፣ ለዋርዱ ጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ይሸከምላታል። ዋና ነርሷ በየስብሰባው «እንደ እሱ ሁኑ» ትላለች። ግድግዳው ላይ «ታካሚ ክቡር ነው፤ አንቱ ይባላል» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈችውም እሱ በመጣ ሰሞን ነው። ጠበቃው «እኔን አንተ በሉኝ፤ አንቱታ ደስ አይለኝም፤ ተከትሎት የሚመጣ ነገር አለ» ብሎ በጽሑፍ አመለከተ። ስለዚህ እሱ አንተ ሆኖ ቀረ፣ ሹፌሩ እርስዎ ሆነ። እንግዲህ ሞክሩት፤ ሸሚዙን ተኩሶ የለበሰ፣ በዕድሜ የሚበልጣችሁን ሰው «እባክዎ አፍዎን ይክፈቱ፤ ምላስዎን ያንሱ፤ አመሰግናለሁ፤ ወደ ግራ» በሉት። ከአንደበት አይወጣም። ቢወጣም ይሉኝታ መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ያም ሆኖ ስምንት ቀን አየሁት። በዘጠነኛው ቀን ባትሪው ጠፋ። ድንጋዩ አልቆ አይደለም፤ ወደ ቴሌቪዥኑ ሪሞት ተዛውሮ ነው። ማን እንዳዛወረው አልተመረመረም፤ የከሰዓቱን ተከታታይ ድራማ ከዋና ነርሷ በቀር ቁጭ ብሎ የሚያይ አልነበረም። ሁለት ድንጋይ እንዲገዛልኝ ቅጽ ሞላሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅጹ ተመለሰ፤ «ለምን ዓላማ እንደሚውል ይብራራ» ተብሎበታል። አብራርቼ መለስኩ። እስከ ዛሬ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ያለ ብርሃን የሰው አፍ ለማየት አፍንጫን ማስጠጋት ያስፈልጋል። የሹፌሩ አፍ ደግሞ ከውጪው ሸሚዝ ጋር ዝምድና የለውም። ተከድኖ የሰነበተ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ታውቃላችሁ? ግንዱ በስብሶ የሚያልበው፣ ሲደፋ ቤቱን ሁሉ የሚያስለቅቅ? እሱ ነው። በላዩ ላይ ከረሜላ። ከረሜላው ባይኖር ይሻል ነበር፤ ሽታ ብቻውን ሲመጣ ሽታ ነው፣ ተሽቀርቅሮ ሲመጣ ግን ሆድ ያገለብጣል። በአሥረኛው ቀን ትንፋሼን ይዤ አየሁ። በአሥራ አንደኛው ትንፋሼን ያዝኩ፣ ግን አላየሁም። በአሥራ ሁለተኛው «አፍዎን» ስል እሱ ከንፈሩን ሸርተት አደረገ፣ እኔ ጆሮውን አየሁ። ጆሮው ንጹሕ ነበር። ራይት አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ ጆሮውን ሳይ ሰነበትኩ። ኋላማ የሳምንቱን ራይት ሰኞ ጠዋት በአንድ ቁጭታ እሞላው ጀመር፤ እጄ ከገባ አይቀር ብዬ።

ሹፌሩ ክኒኑን ከወሰደ በኋላ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያንጎራጎረ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሄዳል። በየቀኑ። ወዲያው። ጠበቃው ወንበሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ይሸኘዋል።

«ሲስተር፣ የእኔን እንጥል ሳይቀር ቆጥረሻል። የዚያንስ?»

«አንተ የራስህን ዋጥ።»

«ዋጥኩ እኮ። ያስቸገረኝ እሱ ነው።»

አውቅ ነበር ብል ዋሸሁ። አላውቅም ነበር ብልም ዋሸሁ። በሁለቱ መሃል አንድ ቦታ አለ፤ ሰፊ ነው፣ መሥሪያ ቤታችን በሙሉ እዚያ ነው የሚውለው።

የሹፌሩ ሚስት እሁድ እሁድ ትመጣለች። ቀጭን ናት፤ እጆቿ በበረኪና ተልጠዋል። በአርባ ምናምነኛው ቀን ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ቆም አድርጋ ክንዴን ያዘች።

«ሲስተርዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«ኧረ ጠይቂኝ እህቴ።»

«ምላሱን ታያለሽ?»

«አያለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ቅጹ አለ እኮ፤ ከፈለግሽ ላሳይሽ።»

«ቅጹን አይደለም። አንቺን ነው የምጠይቅሽ።» ዓይኖቿ ፊቴ ላይ ተተክለው ቀሩ። «አርባ ሁለት ልጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከአውቶቡስ ሲወርዱ በር ላይ ቆሜ እቆጥራቸዋለሁ፤ ማንም ቁጠሪ ያለኝ የለም። መሪው እንዲመለስለት ጉልበት ስሜ የለመንኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልለምን ለዘለቄታው ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ንገሪኝ።»

«አያለሁ አልኩሽ እኮ» አልኳት፤ ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ጨመርኩበት። ሰው ሲዋሽ ቅር ማለት ይረዳል፤ ጠያቂው ነው የሚያፍረው። አፈረችም። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ለባሏ ያመጣችውን ብርቱካን ለእኔ ሰጠችኝ። ብርቱካኑን ደረጃው ሥር ቆሜ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

በሰማንያ አምስተኛው ቀን ሹፌሩ ለዘጠና ቀን ምረቃው ወጥቶ ፀጉሩን እንዲቆረጥ ከሰዓት ተፈቀደለት። በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን ልሰጠው ስጠጋ ያ የአበባ ውሃና ያ ከረሜላ ሦስተኛ ጓደኛ ይዘው መጡ። አልኮል ነው። አንገቱን አሸተትኩ፤ ከአንገቱ አይደለም።

«ምን ሸተተኝ?»

«ፀጉር አስተካካዩ ነዋ! አልኮል አርከፈከፈብኝ። አትንካኝ ብለው ማን ሰምቶኝ።»

«ትናንት የነካ አልኮል ዛሬ ይሸታል?»

«የጥሩ ቤት አልኮል ነው፣ እህት ዓለም።» ሳቀ፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ፊቱን አየሁት። አልቀላም። ልቡ አልደለቀም። እንደ ወትሮው ሸሚዙ ተተኩሷል። ክኒኑን በእውነት ሰማንያ አምስት ቀን የዋጠ ሰው እንኳን ጠጥቶ፣ አንገቱን አልኮል ነክቶትም ቢሆን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ይህን ለማወቅ ሲስተር መሆን አያስፈልግም፤ ረዳት ይበቃል።

ክኒኑን ሰጠሁት፤ በውሃ ጨለጠ።

«ምላስዎን ያንሱ።»

«ምን?»

«ምላስዎን። ያንሱ።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?» ለመናገር ያህል ብቻ ነው ከንፈሩን የከፈተው። «ሲስተር፣ እኔ አንቺን እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማይሽ። ሁለት ወር ተኩል አምነሽኝ ዛሬ እንደ ሌባ ልትፈትሺኝ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ።

ዋና ነርሷ ክፍል ገባሁ። የሆነውን ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች፤ ቅጾቹን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ይኼ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ።»

«ይኼስ?»

«የእኔ።»

«ስንት ራይት ነው?»

«ሰማንያ አምስት።»

«እና ማንን ነው የምትከሺው?»

የሰኞ ራይቶቼን አየኋቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ።

«እሱን ከሆነ፣ ሰማንያ አምስት ጊዜ ምስክሩ አንቺ ነሽ። ራስሽን ከሆነ ደግሞ ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ፤ በደስታ እቀበላለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ፤ ስትለሰልስ ይበልጥ ታስጠላለች። «ስሚ እህቴ። ዳይሬክተሩ ይህን ሰው ምሳሌ አድርገው ለበላይ አካል ጽፈዋል። ዘጠና ቀን የጨረሰ የመጀመሪያው ታካሚያችን ነው። ሐኪሙ ፈርሟል። እኔ ፈርሜያለሁ። የቀረው አንቺ ነሽ። ስለ አፉ ሽታ ከሆነ፣ ማስክ አለ።»

ደብዳቤው ተተይቦ አልቋል። «ታካሚው ለዘጠና ተከታታይ ቀናት ክኒኑን በባለሙያ ፊት መዋጣቸው፣ በየዕለቱም አፋቸው መታየቱ ተረጋግጧል» ይላል። ከግርጌው የእኔ ስም ያለበት ባዶ መስመር አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስሜ ከፊቱ «ባለሙያ» ተብሎ ሲጻፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። ፈረምኩ።

ማታ እህቴ «እጅሽን» ስትለኝ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ «ድገሚ» እስክትል አልጠበቅሁም። «ምን ነካሽ ዛሬ?» አለችኝ። «ፈረምኩ» አልኳት። «ታዲያ ቀለሙ በሳሙና ይለቃል» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ዘጠናኛው ቀን ዓርብ ነበር። ዝግጅቱ በመመገቢያ አዳራሹ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ሚስቱ ከፊት ተቀምጣለች፤ አዲስ ያልሆነ ግን ለዛሬ የተጠበቀ ቀሚስ ለብሳለች። ዋና ነርሷ ኬክ አዝዛለች፤ ትልቅ፣ በቸኮሌት የተሸፈነ፣ ላዩ ላይ «90» ተጽፎበታል። ዳይሬክተሩ ደግሞ አንድ ሐሳብ ጨምረዋል፤ የመጨረሻው ክኒን በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ፣ በራሳቸው እጅ ይሰጥ።

ክኒኗ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ቀረበች። ሹፌሩ አፉ ውስጥ አደረጋት፣ ውሃውን ጨለጠ፣ ብርጭቆውን ገልብጦ አሳየ። ተጨበጨበ። ወዲያው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲራመድ ዳይሬክተሩ ክንዱን ያዙት።

«ወዴት ነው ጀግናዬ? ንግግር አለኝ!»

«እጄን ልታጠብ ብዬ...»

«የጀግና እጅ ንጹሕ ነው!»

ንግግሩ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ስለ ጽናት፣ ስለ ባለሙያዎቻችን ንቃት፣ ስለ ዘመናዊ መሣሪያ አስፈላጊነት ተናገሩ። ሹፌሩ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው እየተነፈሰ ራሱን ይነቀንቃል። ደብዳቤው ለሚስቱ ተሰጠ። ቆማ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሰኞ አስገባዋለሁ» አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ኬኩ ተቆረሰ። ጠበቃው ሁለት ቁራጭ ወሰደ፤ «አንዱ የእኔ፣ ሁለተኛው ለደረሰብኝ በደል ካሳ» አለ። ሹፌሩም ተሰጠው። በቀኝ ጉንጩ ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ አሮጌ በግ ያላምጣል። ዳይሬክተሩ አሁንም ትከሻውን አቅፈውታል። እኔ ጣፋጭ ነገር አስጠልቶኝ ስለነበር ሳህኔን መስኮት ላይ ትቼ ቆምኩ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠበቃው መናገር አቆመ። ይህ ራሱ ምልክት ነበር። ስዞር ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀልቷል፤ ዓይኑ ሳይቀር። ደረቱን ይዟል።

«ልቤ» አለ። «ልቤ ወጥታ ልትሄድ ነው።»

ሳፋ ይዤ ደረስኩ። ቸኮሌቱ፣ የጠዋቱ ሻይ፣ ያልታኘከ ዳቦ፣ በአረንጓዴ ሐሞት ተለውሶ በአፉም በአፍንጫውም መጣ። ግማሹ ሳፋው ውስጥ፣ ግማሹ ጋዋኔ ላይ። ሞቅ ያለ ነበር። ከሁሉ ከሁሉ ሙቀቱ ነው የሚያስጠላው፤ ከአፍታ በፊት የሰው አካል ውስጥ የነበረ መሆኑን ይነግራችኋል።

«ጠጥተሃል!» ጮኸች ዋና ነርሷ። «እዚህ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ቀን! ከየት አመጣኸው?»

«ኬክ...» አለ ጠበቃው፤ ራሱን ከሳፋው ሳያነሳ። «ኬክ ነው... የበላሁት። ይመዝገብልኝ!» ሁለተኛው ዙር ቃሉን ቆረጠው።

ዋና ነርሷ ስልኳን አወጣች። ኬክ ቤቱ ጋ ደወለች፤ ሁሉም ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ጠበቃው ውሸታም መሆኑን በአደባባይ ልታረጋግጥ ነው።

«ኬካችሁ ውስጥ ምን አለበት?»

«ምን ጎደለው እመቤት?» አለ ከወዲያ አንድ ደስተኛ ድምፅ። «ምርጡን ብለሽ ነው ያዘዝሽው። ራም ውስጥ ነክረን ነው ያሳደርነው። ወደዳችሁት?»

ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። ማንም ዙሩ አላለም። ሳህኑን ባዶ አድርጎ፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ቸኮሌት ሊልስ አፉ ጋ አድርሶታል። ፊቱ እንደ ጠዋቱ ነው። ሸሚዙ እንደ ጠዋቱ ነው። ጣቱን ከአፉ አወረደ።

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲህ» አሉ፤ «የሰው ሰውነት ይለያያል።»

«አዎ፣ እሱ ጠንካራ ነው» አለች ዋና ነርሷ። «ደግሞ ጥቂት ነው የበላው።»

«ጥቂት ነው» አልኩ እኔም። ባዶውን ሳህን እያየሁ ነው ያልኩት።

ሚስቱ ሐኪሙ ስለዚያ ክኒን የነገራትን ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ በየእሁዱ ትደግምልኝ ነበር። ዓይኗ ከባሏ ወደ ጠበቃው፣ ከጠበቃው ወደ ባሏ ተመላለሰ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

ያን ጊዜ ሹፌሩ ሳህኑን አስቀመጠ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እኔንም... እኔንም ልቤን» አለ።

«እሰይ!» አለች ዋና ነርሷ፤ አምልጧት ነው። «ተመስገን! ጀመረው!»

«ሳፋ! ቶሎ ሳፋ!» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ፊታቸው በደስታ በራ። «መድኃኒቱ ሠራ! እንዳትፈራ ወንድሜ፤ አውጣው!»

አዳራሹ በሙሉ ተነቃነቀ። አንዱ ወንበር አመጣለት፣ ሌላው ውሃ። ሰው ሊያስመልስ ሲል እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። እኔም ብሆን ሌላ ሳፋ ለማምጣት ሮጫለሁ፤ እግሬ ቀልሎኝ ነበር። ተንበርክኬ ከአገጩ ሥር ያዝኩለት። ሚስቱ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጥላ መጣች፤ ግንባሩን በተላጠ መዳፏ ደገፈችው።

ሹፌሩ አቃሰተ። ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገ። «ኡእ» አለ። ምንም አልመጣም። እንደገና «ኡእ» አለ፤ አንገቱን አስግጎ አፉን ከፈተ፣ በሰፊው፣ በዘጠና ቀን ውስጥ ለእኔ ከፍቶት በማያውቀው ስፋት። ሳፋው ደረቅ ነው። ከኋላ «አይዞህ! አውጣው!» ይሉታል። ሁለት ጣቱን ወደ ጉሮሮው ሰደደ።

ከግራ ጉንጩ ሥር አንድ ነገር በምራቅ ክር ተንጠልጥሎ ወረደ፤ ትንሽ ተወዛወዘና ሳፋው መሃል ላይ ጠብ አለ። ነጭ ነበር። ጠርዙ ሟሙቷል፣ አንድ ጎኑ ቸኮሌት ነክቶታል፤ የቀረው ግን ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው መስመር እንኳ ይታያል።

የሚገፋፉት ድምፆች አንድ በአንድ ጠፉ። ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና ብለውም መስኮቱን አዩ። ሚስቱም አየች፤ ረጅም ጊዜ፣ ልጆቹን በር ላይ ስትቆጥር እንደምታይ ዓይነት። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች። ሳፋውን ይዤ ተንበርክኬ ነበርና የምዞርበት አልነበረኝም።

እጇን ከግንባሩ ላይ አነሳች። በቀሚሷ ጠረገችው።